አሥር የጎደለው

ከካንፍራንክ ጣቢያ በላይ፣ ከቶባዞ ተራራ ሥር፣
ስምንት መቶ ሜትር ዓለት ባናቴ ላይ ሲከመር፣
ሥራዬ ጆሮ መንደፍ ነው፤ የብረትና የመዳብ ጆሮ፣
ማንም ሰምቶት ለማያውቀው፣ ለአንድ አቶም እሮሮ።

በርሜሉ ውስጥ ዜኖን አለ። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣
ከማንም ጋር የማይጋባ፣ ኩራት ብቻ የሞላው።
አሥራ አምስት እጥፍ አጭቀን በሩን ቆለፍንበት፤
ከአቶሞቹ አንዱ ምናልባት፣ ምናልባት አንድ ሌሊት
ሁለት ኤሌክትሮን ይተፋል፣ ኒውትሪኖ ሳያስከትል።
«ምናልባት»፤ ይህ ቃል ነው ደመወዜን የሚከፍል።

ስንት ዓመት ያስጠብቃል? ቁጥሩን እንዲህ ገምተው፦
የዓለምን ዕድሜ ውሰድና በዓለም ዕድሜ አባዛው፤
አሁንም ገና ነው፤ ያገኘኸውን ሚሊዮን ጊዜ ድገመው።
ለዚህ ነው እልፍ አእላፉን ባንድ ቤት ያጎርነው፤
ድሃ ዕጣ የሚወጣለት ብዙ ትኬት ቢገዛ ነው።

ሰው የሚያደንቀው በርሜሉን። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ብሎን።
እያንዳንዷ አርባ ቀን ሙሉ ትጠየቃለች ዘሯን፦
ከዩራኒየም ጋር ትወለዳለች? ቶሪየም ነው አያቷ?
ንጹሕ ናት ካልተባለች አትገባም ከቤቷ።
እርሳሱ ከባሕር ወለል ነው፣ ከሰጠመ የጥንት መርከብ፤
ሁለት ሺህ ዓመት ጨው ውስጥ የተኛ፣ ቁጣው እስኪረግብ።
መረቡን ሦስቴ ወጠርኩት፣ ከፀጉር የቀጠነውን፤
ሦስቴም ብልጭታ በላብኝ የስድስት ወር ድካሜን።
ፌርሚን ሙዝ ሲያምረው እንኳ ወጥቶ በረዶ ላይ ይበላል፤
«ፖታሲየም አለበት» ይላል፤ «ሙዝም ውስጥ ለውስጥ ያወራል።»

ዘበኛችን ቤላርሚኖ የባቡር ፋኖስ ጠባቂ ልጅ ነው።
ድልድዩ በፈረንሳይ በኩል ወድቆ መስመሩ ሲዘጋ፣
አባቱ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ክረምት ይሁን በጋ፣
ፋኖሱን ሲያበራ ኖረ። ማንም አላዘዘው።
ልጁ ጧት ጧት ቦርሳዬን ፈትሾ ይጠይቀኛል፦
«መጣ?»
«አልመጣም።»
«አይ ይሄ ያንቺ ባቡር! መዘግየት ይወዳል።»

የካቲት ላይ፣ በረዶው መንገዱን በዘጋበት ሌሊት፣
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ስክሪኑ ላይ አየሁት፦
የተጠማዘዘ የብርሃን ክር፣ ሁለት ጫፉ የተቋጠረ።
እጄ ብርጭቆ ይዞ ነበር፤ መቼ እንደተሰበረ
አላውቅም።

ኦሮሲያን ቀሰቀስኳት። መጣች፣ ፒጃማዋ ላይ ካፖርት ደርባ።
አላቀፈችኝም። ወንበር ስባ ተቀመጠች፣
መነጽሯን ባንገት ልብሷ ወለወለች።
«ኢዛርቤ፣ ከመደሰት በፊት መጠርጠር» አለች።

የምንጠብቀው ሁለት ሺህ አራት መቶ ሃምሳ ስምንት።
የመጣው ሁለት ሺህ አራት መቶ አርባ ስምንት።
አሥር ይጎድለዋል።
ክሩንም አዙረን ስናየው አንደኛው ጫፍ ቋጠሮ አይደለም፤
ብቻውን የሚሮጥ ኤሌክትሮን ነው፣ በገዛ መንገዱ የታጠፈ።
የቢስሙት ጨረር ነው ያባረረው።
ከየት መጣ? ዓለቱ አይደለም። እርሳሱም አይደለም።
ስንት ሳምንት ፈልገን ደረስንባት፦
አሥራ ሁለተኛው ቀለበት ላይ፣ ዕቃ ዘገየ ተብሎ
አርባ ቀኗን ሳትጨርስ የገባች አንዲት ብሎን።
ፊርማው የእኔ።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። እኔም ጋዙን ለቀምኩ፣
ሦስት ሳምንት፣ ጠርሙስ በጠርሙስ፣ አንድ ትንፋሽ ሳላባክን።

«መጣ?» አለኝ ቤላርሚኖ።
«የመጣ መስሎን ነበር። የጠራሁት እኔው ነኝ።»
ቦርሳዬን ሳይፈትሽ መለሰልኝ።
«አባቴም አንድ ሌሊት ፉጨት ሰማሁ ብሎ ሮጦ ነበር፤
ነፋስ ነው።
ተመልሶ ገባና የፋኖሱን መስታወት ሲወለውል አደረ።»

ብሎኗ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ናት፤
በሩ ሲከፈት ንድፌ እንዳይበርብኝ የምጫንበት።